«አልችልም» በማለቴ ፈቃዴን አጣለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የግል አብራሪነት ፈቃድ አለኝ። ባለፈው ሳምንት በተከራየሁት ሴስና 172 አነስተኛ አውሮፕላን ለማረፍ ስቃረብ፣ የአየር ማረፊያው ማማ ተቆጣጣሪ «አርፈህ ከሚያቋርጠው ማኮብኮቢያ በፊት ቁም» አለኝ። ርቀቱ የሚበቃኝ ስላልመሰለኝ «አንኤብል» (አልችልም) አልኩት። በቁጣ ሳላርፍ እንድዞር አዘዘኝ፤ ዞሬ አረፍኩ። ከዚያ ስልክ ቁጥር ሰጥቶ «ደውል» አለኝ። እቀጣለሁ? መደወልስ ግዴታ ነው?

መልስ፦ በነገሩኝ መሠረት ሕግ አልጣሱም።

የአሜሪካ የበረራ ደንብ ቁጥር 91.3 ስለ አውሮፕላኑ የመጨረሻው ቃል የአዛዡ አብራሪ ነው ይላል። 91.123 ደግሞ ድንገተኛ አደጋ ካልገጠመ ወይም የግጭት መከላከያ መሣሪያው ካላዘዘ በቀር፣ ከተቆጣጣሪው መመሪያ መውጣትን ይከለክላል። አንዳንዱ አብራሪ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ዝም ብሎ ያሻውን ያደርጋል። ሌላው ሁለተኛውን ፈርቶ የማይችለውን «እሺ» ይላል። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ይሄኛው ነው፤ ሕይወት የሚያስከፍለው እሱ ነውና። እርስዎ ግን ያልቻሉትን በጊዜ፣ በግልጽ ተናገሩ። ደንቡም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አርፎ ከሚያቋርጠው ማኮብኮቢያ በፊት መቆም አብራሪው ሊቀበለውም ላይቀበለውም የሚችለው ነገር ነው። ተማሪ አብራሪዎችማ ጭራሽ እንዳይቀበሉት ይመከራል። ከተቀበሉት በኋላ ግን ይጸናል። ስለዚህ ያስታውሱ፤ «አንኤብል» ከማለትዎ በፊት መመሪያውን በሬዲዮ ደግመውለት፣ ማለትም ተቀብለውት ነበር? ቢደግሙለትም እንኳ፣ ዙር ብሎ መመሪያውን የለወጠው ራሱ ስለሆነ ነገሩ ብዙም አያሰጋዎትም።

እምቢ የማለት መብት ግን ከወረፋ አያስቀድምም። ኦክቶበር 2023 ከሙኒክ ሳን ፍራንሲስኮ የመጣ የሉፍታንዛ አውሮፕላን ይህ ገጥሞታል። የኩባንያው ደንብ ማታ ከሌላ አውሮፕላን ያለውን ርቀት በዓይን እየጠበቁ መቅረብን ስለሚከለክል አብራሪው በመሣሪያ እየተመራ ለማረፍ ጠየቀ። ተቆጣጣሪው አስጠበቀው፣ በሬዲዮ ተነታረኩ፣ አውሮፕላኑ መጨረሻ ላይ እዚያው አቅራቢያ ወዳለው ኦክላንድ ሄዶ አረፈ። በእኔ እይታ አብራሪውም ተቆጣጣሪውም በመብታቸው ውስጥ ነበሩ።

ወረፋውን የሚሰብረው ድንገተኛ አደጋ ማወጅ ነው። ጃንዋሪ 1990 ነዳጅ ጨርሶ ኒው ዮርክ አጠገብ የወደቀው የአቪያንካ በረራ 52 አብራሪዎች ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ተናግረው ነበር። ድንገተኛ አደጋ ብለው ግን አላወጁም። ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። እባክዎ «ኋላ ወረቀት ያስሞሉኛል» ብለው ከማወጅ ወደኋላ አይበሉ። ቅድሚያ ቢሰጥዎ የሚመጣው ቢበዛ፣ ከተጠየቁ በ48 ሰዓት ውስጥ ዝርዝር ሪፖርት ማቅረብ ነው።

አሁን ወደ ስልኩ። እንዲደውሉ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ባይደውሉም ጉዳዩ ወደ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የበረራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) የቅጣት ክፍል ሊሄድ ይችላል። ቢደውሉ ደግሞ የሚሉት ሁሉ ማስረጃ ሊሆንብዎ ይችላል። መደወሉ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያበርደዋል፤ ብቻ ሙግት ውስጥ አይግቡ፣ ያልተጠየቁትንም አይዘርዝሩ።

ከመደወልዎ በፊት ግን ዛሬውኑ ለናሳ የበረራ ደኅንነት ሪፖርት ይሙሉ። ነጻ ነው። በ10 ቀን ውስጥ ካስገቡ፣ ጥሰት ተገኘ ቢባል እንኳ ሆን ብለው ያላደረጉት ከሆነና ባለፉት 5 ዓመታት ሌላ ጥሰት ካልተገኘብዎ ፈቃድዎ አይታገድም። አንድ ሳምንት አልፎብዎታልና አይዘናጉ። ማኅተም የተመታበት የሪፖርቱ ቅጽ ቁራጭ ሲመለስልዎ በደንብ ያስቀምጡት፤ ማስገባትዎን የሚያስረዳው እሱ ነው። የሬዲዮውን ቅጂም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ለዘለዓለም አይቀመጥም፣ ከ45 ቀን ገደማ በኋላ ሊጠፋ ይችላል።

ኤፍኤኤ ምርመራ ከከፈተ በ2012 በወጣው የአብራሪዎች መብት ሕግ መሠረት በጽሑፍ ሊያሳውቅዎ ይገባል። መልስ የመስጠት ግዴታ እንደሌለብዎም ደብዳቤው ላይ ያዩታል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከደረሰዎ፣ አንድ መስመር ከመጻፍዎ በፊት በበረራ ሕግ ለሚሠራ ጠበቃ ያሳዩት።