ዊዝድሮ ከመሙላትሽ በፊት

እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ሌሎችም እንዲከተሉን የጻፍሽልኝን ባጭሩ ላስቀምጠው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። "ኤግዚት 8" የሚባለውን የጃፓን አስፈሪ ጌም ከዶርም ልጆች ጋር ተጫውተሽ ጨርሰሽ፣ የዚያ ዓይነት የራስሽን ጌም ጀምረሻል፤ ቦታውም ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንዲሆን ፈልገሻል። ያንን ጌም አንድ ሰው ብቻውን ሠርቶ ከሚሊዮን በላይ እንደሸጠ ስላወቅሽ ለአንድ ዓመት ዊዝድሮ (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) ሞልተሽ ሙሉ ጊዜሽን ልትሰጪው አስበሻል። ቡና ነጋዴው አባትሽ ደግሞ "ተመርቀሽ ባንክ ግቢ፤ የምን ጨዋታ ነው" ብለው ተቆጥተዋል። ከሁለታችሁ ማን ልክ እንደሆነ ነው የጠየቅሽኝ።

ዊዝድሮ አትሙዪ። ጌሙን ግን ሥሪው፤ ያውም እስከ መጨረሻው። ይህን የምልሽ ሁለታችሁንም ለማስደሰት አይደለም። በዚህ ዓይነት ጌም ውስጥ ያለው ሥራ ደመወዝ ከሚከፈልበት አንድ ሙያ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ አንቺም አባትሽም ይህን ያያችሁት አልመሰለኝም።

እስቲ ጌሙን ፈታተን እንየው። ኮታኬ ክሪኤት በሚል ስም የሚሠራው ጃፓናዊ ኤግዚት 8ን ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ ያወጣው በኖቬምበር 2023 እ.ኤ.አ. ነው። በውስጡ ያለው አንድ የምድር ውስጥ ባቡር መተላለፊያ ብቻ ነው፦ ነጭ ግድግዳ፣ የተለጠፉ ማስታወቂያዎች፣ ጥቂት በሮች፣ የጣሪያ መብራቶች፣ ከፊት ለፊት የሚመጣ አንድ ሰውዬ። ትሄጃለሽ፣ ትታጠፊያለሽ፣ ተመልሰሽ ራስሽን እዚያው መተላለፊያ ላይ ታገኚዋለሽ። የተለወጠ ነገር ካየሽ ወዲያው ወደ ኋላ ትመለሻለሽ፤ ሁሉም እንደነበረ ከሆነ ወደፊት ትቀጥያለሽ። ልክ በሆንሽ ቁጥር የመውጫው ቁጥር በአንድ ይጨምራል፤ ከተሳሳትሽ ወደ 0 ይወርዳል። 8ን ያለፈ ይወጣል።

ሐሳቡ ድንገት የመጣ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን 4 በነጻ የተለቀቀው ፒ.ቲ. ተጫዋቹን በአንድ መኖሪያ ቤት ኮሪደር ውስጥ ደጋግሞ ያዞረው ነበር፤ አሳታሚው ኮናሚ በቀጣዩ ዓመት ከመደብሩ ቢያነሳውም ብዙዎች ከእሱ ተምረዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው "አይም ኦን ኦብዘርቬሽን ዲውቲ" ደግሞ ተጫዋቹን የጥበቃ ካሜራ ፊት አስቀምጦ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ክፍሎችን ያስጠብቀዋል። ቦታውን የለቀቀ ወንበር ወይም የጠፋ ሥዕል ሲያይ ሪፖርት ያደርጋል፤ ያልተነገሩት ከበዙ ይሸነፋል። ይኸኛውን ካልተጫወትሽው ፈልጊው፤ ወደ በኋላ ለምነግርሽ ሥራ ከሁሉም የቀረበው እሱ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። የዚህ ዓይነት ኮሪደር ጫፍና ጫፉ ላይ የሚታጠፈው ለውበት አይደለም። ማጠፊያው ዓይን ስለሚከልል ተጫዋቹ ሳይታወቀው ወደ መነሻው ይወሰዳል፤ ያለፈበትም በዚያችው ቅጽበት ይቀየራል። ስለዚህ አንድ ኮሪደር በደንብ መሥራት ይበቃል ማለት ነው። አንድ ተማሪ ብቻዋን ልትጨርሰው የምትችለው ለዚህ ነው። ሰፊ ከተማ፣ ውጊያ፣ ሃያ ገጸ ባሕርይ ብትዪኝ ኖሮ ገና ከጅምሩ ተዪው እልሽ ነበር።

ሒሳቡንም ተመልከቺ። ለውጥ ያለበትና የሌለበት ዙር እኩል ዕድል ቢኖራቸው፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚገምት ሰው 8 ጊዜ ተከታትሎ ልክ የመሆን ዕድሉ ከ256 አንድ ነው። አንዲት ስህተት ሁሉን ወደ 0 ስለምትመልስ በግምት የሚወጣ የለም፤ ማየት ግድ ነው። ዙር ሁሉ ለውጥ ቢኖርበት ደግሞ ተጫዋቹ ማየቱን ትቶ ዝም ብሎ ይመለስ ነበር። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚያስፈራው ንጹሑ ዙር ነው። ምንም ነገር ሳይለወጥ ሰውየው ቆሞ በሩን ያያል፣ ማስታወቂያውን ያያል፣ "የሆነ ነገርማ አለ" ብሎ የገዛ ዓይኑን ይጠራጠራል። በላክሽልኝ የለውጦች ዝርዝር ላይ ንጹሕ ዙር አላየሁም። አስገቢ፤ የመጀመሪያው ዙር ሁልጊዜ ንጹሕ ይሁን፣ ጤነኛው ምን እንደሚመስል ተጫዋቹ የሚማረው እዚያ ነውና።

የሰው ዓይን ምን ያህል እንደሚስት ለማወቅ በ1999 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ ያሳተሙትን ጥናት አንብቢ። ኳስ የሚቀባበሉ ሰዎችን ቪዲዮ አሳይተው የቅብብሉን ብዛት ቁጠሩ ብለው አዘዙ፤ በመሀል የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። ለአንቺ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ለውጡ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ይታያል ማለት አይደለም። ሰው የት እያየ እንደሆነ ካላወቅሽ ጌምሽ ወይ ይቀላል ወይ ያናድዳል። ይህን የምታውቂበት መንገድ ደግሞ አንድ ነው፤ የዶርም ጓደኛሽን አስቀምጠሽ አጫውቻት፣ አፍሽን ያዢ፣ የቱ ጋ እንደምትቆም ጻፊ። "እሱን አላየሽም እንዴ?" አትበያት። የምትጽፊው ከእሷ ነቀፌታም ሙገሳም ይበልጥ ይጠቅምሻል።

ስለ ቦታው። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ተዪው። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለጅማ ሰው የተከበሩ ናቸው፤ ቤታቸውን የመናፍስት መፈንጫ ማድረግ ብዙ ሰው ያስቀይማል። የሙያ ምክንያትም አለኝ። እንደዚያ ያለ በእንጨት ጥበብ የተሞላ ቤት በብሌንደር (የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) ለመሥራት ወራት ይፈጃል፤ ጌጥ በበዛበት ደግሞ ዓይን የሚይዘው ያጣል፣ የተለወጠውም ይጠፋል። ለዚህ ጌም የሚሆነው ባዶ ሊባል ጥቂት የቀረው፣ አንቺ ግን ጥጋ ጥጉን የምታውቂው ቦታ ነው።

የምትኖሪበት የዶርም ኮሪደር አለሽ። ሁለት ተርታ በር፣ በቀለም የተጻፈ ቁጥር፣ በር ላይ የተቀመጠ ባልዲ፣ የነጠላ ጫማ፣ መጨረሻው ላይ መስኮት፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተደራርቦ የተለጠፈ ወረቀት። በቃ፣ ይኸው ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር አስቢ፦ ጃፓናዊን ሊያስደነግጠው የሚችለው የመብራት መጥፋት ለእኛ ተጫዋች ምኑም አይደለም፤ መብራት ሄደ ብሎ ይቀጥላል። እንግዲህ የእኛን ሰው የሚያስቆመው ምንድን ነው? ለምሳሌ በጅማ ክረምት ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ውሰጂ። በንጹሑ ዙር ድምፁ ሞልቶ ይሰማል። በአንዱ ዙር በመስኮቱ ዝናቡ ሲወርድ ይታያል፣ ድምፅ ግን የለም። ሌላም ልጨምርልሽ፦ ባልዲው ያው ባልዲ ነው፣ ቦታውም ያው ነው፣ ውሃው ግን ከአፉ እኩል ሞልቷል። ወይም የበሮቹ ቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ የአንዱ በር እጀታ በሩ ከጉበኑ ጋር በተያያዘበት በኩል ዞሯል። አጥንት የሚነካው እንዲህ ያለው ነው፤ በድንገት የሚጮህ ፊት ማንም ያስገባል።

ላፕቶፕሽ አንሪል ኢንጂን የሚባለውን የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር አልቻለም ብለሻል፤ አይገርምም፣ እሱ በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይትና ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ጎዶት የሚባለውን ሌላ የጌም መሥሪያ ሞክሪ። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ ማውረጃው ከ200 ሜጋባይት በታች ስለሆነ የግቢው ዋይፋይ ይበቃዋል፤ ለደካማ ማሽን የሚሆን የቀለለ አሣሣልም አለው። መብራቱን ቀድመሽ አሰልተሽ ምስሉ ላይ ካስቀመጥሽው ኮሪደርሽ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሮጣል።

ወደ ገንዘቡ ስመጣ በግልጽ ልናገር። ስቲም ላይ አንድ ጌም ለማስገባት 100 ዶላር ይከፈላል፤ ገንዘቡ የሚመለሰው ጌሙ 1,000 ዶላር ያህል ከሸጠ በኋላ ነው። ከሽያጩም በተለምዶ 30 በመቶውን ስቲም ይወስዳል። ከዚህ ሌላ ገዢ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ተጫውቶ ከሆነ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል፤ የአንቺ ዓይነት ጌም ደግሞ ከአንድ ሰዓት በታች ሊያልቅ ይችላል። ኤግዚት 8 ከተሳካለት ወዲህም እሱን የሚመስሉ ጌሞች እንደ አሸን ፈልተዋል። አንድ ሰው ሚሊዮን ሸጠ ማለት ያንቺን የቤተሰብ ገንዘብና አንድ የትምህርት ዓመት ለማስያዝ ምክንያት አይሆንም። መጀመሪያ ኢች ዶት አይኦ በሚባለው የጌም ድረ ገጽ ላይ በነጻ አውጪው፤ እዚያ ለማስገባት ክፍያ የለም። ሰው ከወደደው ያኔ ስለ ስቲም እናስባለን፤ ከውጭ የሚመጣ ዶላር በምን መንገድ እንደሚደርስሽም ከባንክሽ ጋር አስቀድመሽ ትነጋገሪያለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ሶፍትዌር ቴስቲንግ የሚባለውን በኮርስ ደረጃ ተምረሽ ይሆናል፤ እንደ ሥራ ግን ያሰብሽው አይመስለኝም። የቴስተር የዕለት ሥራ ምንድን ነው? አንድ ሲስተም ጤነኛ ሲሆን ምን እንደሚመስል ጠንቅቆ ማወቅ፣ ፕሮግራመሮቹ አንድ ነገር በነኩ ቁጥር ያንኑ መንገድ እንደገና መሄድ፣ ሳይታሰብ የተለወጠውን መያዝ። አሥረኛውን ዙር እንደ መጀመሪያው አድርጎ ማየት የሚችል ሰው ብርቅ ነው፤ አንቺ ግን ይህን ሌሊት ሌሊት ለመዝናኛ ስታደርጊው ከርመሻል።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሺያለሽ። የአንድ ትልቅ ባንክ ሲስተም ለጥቂት ሰዓታት ተዛብቶ ሰዎች ሂሳባቸው ላይ ካለው ገንዘብ በላይ ሲያወጡ አደሩ፤ ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ሲዳረስ ተማሪው በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ፣ በኋላም መልሱ ተባለ። እንዲህ ያለው ነገር ደንበኛው ዘንድ ሳይደርስ እንዲያዝ ነው ለቴስተር ደመወዝ የሚከፈለው። ባንኮች፣ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች፣ አዲስ አበባ ያሉ የሶፍትዌር ድርጅቶች ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ።

ቀጣሪ ፊት ይዘሽ የምትቀርቢው ደግሞ "ጌም እወዳለሁ" የሚል ሲቪ አይደለም። ከጌሙ ጋር የስህተት ሪፖርቶችሽን አስቀምጪ። አንድ ምሳሌ ልጻፍልሽ። "ተጫዋቹ ማጠፊያው ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ዞሮ ሲመለስ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ይጨምራል። አደራረግ፦ ንጹሕ ዙር ላይ እስከ ማጠፊያው ሂጂ፣ ግማሽ እርምጃ አልፈሽ ተመለሺ፣ እንደገና እለፊ። የሚጠበቀው፦ ከ3 ወደ 4። የታየው፦ ከ3 ወደ 5። ከ10 ሙከራ በ4ቱ ይከሰታል።" ይህን ያነበበ ኃላፊ የሚያስብ ጭንቅላት እንዳገኘ ወዲያው ይገባዋል። እንዲህ ዓይነት አሥራ አምስት ሃያ ሪፖርት፣ እያንዳንዱ እንዴት እንደታረመ ከሚያሳይ አንድ አንድ መስመር ጋር፣ ከብዙ ሰርተፍኬት ይበልጣል። ከዚያ በኋላ አቅም ሲኖርሽ የአይ.ኤስ.ቲ.ኪው.ቢ. መሠረታዊ ደረጃ ፈተናን መውሰድ ትችያለሽ፤ በብዙ አገር የሚታወቅ የቴስተር ማረጋገጫ ነው። አይቸኩልም።

አባትሽን እንዴት ላናግራቸው ብለሻል። ስለ ጃፓንና ስለ ሚሊዮን አታውሪላቸው፤ ልክ ናቸው፣ ያ አያሳምንም። መጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙትን ሴቶች ያውቃሉ። ጥቁሩን፣ የተነቀዘውን፣ የተሰበረውን ፍሬ ከዚያ ሁሉ መሀል በአፍታ የሚነጥሉት ጤነኛውን አብጠርጥረው ስለሚያውቁ ነው። "አባዬ፣ እኔ ለባንክ ሲስተም የምሠራው እንደዚያ ነው" በያቸው። አንድ ኮንቴይነር ቡና ላይ የለቀማ ጉድለት ምን እንደሚያስከፍል ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ባንክ ግቢ ያሉሽም ምኞት ይሟላል፤ በመስኮቱ በኩል ሳይሆን በሲስተሙ በኩል ትገቢያለሽ።

ዲግሪው ለምን ግድ እንደሆነ ብዙ አልናገርም፤ የአገራችን ቀጣሪ አሁንም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የመውጫ ፈተናም አለብሽ፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ዓመት ቆርጠሽ ብትመለሺ የረሳሽውን ለመያዝ ሌላ ድካም ነው። አብረውሽ የሚያጠኑትም ጥለውሽ ይሄዳሉ።

የዚህ ሴሚስተር ፋይናል እስኪያልቅ ጌሙን አትንኪው፤ ሐሳብ ሲመጣልሽ ደብተር ላይ ብቻ ጻፊ። ክረምቱን ለኮሪደሩ ስጪው፦ አንድ ኮሪደር፣ አሥራ ሁለት ለውጥ፣ ከዚያ አትለፊ። መስከረም ላይ ኢች ዶት አይኦ ላይ ይውጣ፣ ያለቀም ያላለቀም ቢመስልሽ። 4ኛ ዓመት ስትገቢ ቅዳሜን ለስህተት ሪፖርቱ፣ ሌላውን ቀን ለመውጫ ፈተናው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ስትመርጪም አማካሪሽን ስለ አውቶማቲክ ቴስቲንግ አናግሪያቸው፤ የራስሽ ጌም ለሙከራ ይሆንሻል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሪፖርቶች ስትጽፊ ከሲቪሽ ጋር ላኪልኝ፤ አይቼ አርሜ እመልስልሻለሁ።