ቡናም ሙቅ ውሃም ከአንድ ማሽን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዕቃ ናቸው። ቡና የሚያፈላ፣ በዚያው ለሻይ ሙቅ ውሃ የሚቀዳ የቤት ማሽን። ከዱባይ የመጣ ዘመድ ይዞት ይመጣል፣ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሱቆች ላይ ተደርድሮ ይታያል፣ ለሠርግም በስጦታ ይመጣል። በጀበና ፈንታ ልጠቀምበት ብሎ የጻፈልኝ የለም። ሰዉ የፈለገው ጠዋት ባጃጁ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ቶሎ የሚደርስለት ነገር ነው። ከጥያቄዎቹ የተወሰኑትን እነሆ።

«እኔና ባለቤቴ ቡና፣ ልጆቹ ሻይ ነን። ሁለቱንም የሚሠራ አንድ ማሽን ልግዛ ወይስ ለየብቻ?» (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ለየብቻ ይግዙ። ገበያ ላይ በብዛት የሚታየው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በፊልተር የሚያንጠባጥበው ነው፤ አንዳንዱ በጎኑ ለሙቅ ውሃ የራሱ መያዣና ቧንቧ አለው። ሁለተኛው እንደ ካፌው በግፊት የሚያወጣው፣ ትንሹ የማኪያቶ ማሽን ነው። ወተት በሚያሞቅበት ቱቦ ወይም በሌላ አፍ ሙቅ ውሃ ይሰጣል። ሦስተኛው ፍሬውን ራሱ ፈጭቶ ራሱ የሚያፈላው አውቶማቲኩ ነው። ዋጋው ይከብዳል፣ ሲበላሽም ጠጋኙን መፈለግ ሌላ ሥራ ነው።

ለየብቻ ያልኩት ለሻዩ ስል ነው። ከማሽኑ አፍ የሚወጣው ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከ90 ዲግሪ በታች ነው። ለከረጢት ሻይ ይሆናል። የእኛ ሻይ ግን ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ከሄል ጋር ካልተንተከተከ ሻይ አይባልም። ስለዚህ ማሽኑ ሙቅ ውሃ ቢሰጥዎትም ዞሮ ዞሮ ማንቆርቆሪያው መጣዱ አይቀርም። ቀላል የፊልተር ማሽንና አንድ የውሃ ማፍያ ይበቃዎታል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። የግድ ሁለት በአንድ ካሉ ግን የሙቅ ውሃው መያዣ ከቡናው የተለየውን ይምረጡ። ውሃውም ቡናውም በአንድ መንገድ የሚያልፉበት ከሆነ የልጆቹ ሻይ ቡና ቡና ይላል።

«አቦ፣ ማሽኔ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ቡናው ደህና ይወርዳል፣ ሙቅ ውሃው ግን ክር ሆነ። ተበላሸ ማለት ነው?» (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

አልተበላሸም፣ ኖራ ዘግቶት ነው። የውሃ ማፍያህን ከፍተህ ታችውን እየው። ያ ነጭ ቅርፊት ማሽኑ ውስጥም አለ፣ ልዩነቱ እዚያ አለመታየቱ ነው። የድሬ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፤ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየም ይዞ ይመጣል። ቀዝቃዛ እያለ ካልሲየሙ ሟሙቶ ስለሚቀመጥ ውሃው ኩልል ያለ ይመስላል። ሲሞቅ ነው ከውሃው ተለይቶ ብረቱ ላይ የሚጋገረው። ብዙ ማሽኖች ለሙቅ ውሃና ለእንፋሎት ሲሠሩ ከቡናው ጊዜ ይበልጥ ይግላሉ፣ መውጫቸውም ጠባብ ነው። ለዚህ ነው ቀድሞ የሚዘጋው ሙቅ ውሃው የሆነው። ሐረሮችም በድሬ እንዳትስቁ። የሐረማያ ሐይቅ መድረቁን ተከትሎ ለከተማችሁ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ሽቅብ እየተገፋ ነው የሚመጣላችሁ።

መድኃኒቱ ሲትሪክ አሲድ ነው፤ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይሸጣል። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ከግማሽ ያህል አሟሟና መያዣው ውስጥ ጨምር። ግማሹን በሙቅ ውሃው አፍ አስወጣና ማሽኑን አጥፋ። 20 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ቀሪውን በቡናው በኩል አስወጣ። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ደፍርሶ፣ የእንቁላል ቅርፊት የሚመስል ስብርባሪ ይዞ ቢመጣ አትደንግጥ፤ የፈለግነው እሱን ነው። በመጨረሻ መያዣውን ሁለት ጊዜ በንጹህ ውሃ ሞልተህ አስወጣ። አቼቶም ይሠራል፣ ግን ሽታው ቶሎ አይለቅም፣ ጎማዎቹንም ይጎዳል። የሎሚ ጭማቂ ከሆነ በጥሩ ወንፊት ይጠለል፤ አንዲት ፍሬ ቱቦው ውስጥ ከገባች ሌላ ጣጣ ነው።

በየቀኑ የምትጠቀምበት ከሆነ በወር አንዴ አድርገው። አውቶማቲክ ማሽን ያላችሁ ደግሞ «የውሃ ጥንካሬ» (የኖራው ብዛት ማለት ነው) የሚል ማስተካከያ ካለው ከፍተኛው ላይ አድርጉት፤ ማጽጃ ጊዜው መድረሱን የሚናገረው መብራት በዚያ ልክ ቶሎ ይበራል። ማታ የተፈላ ውሃ አሳድሮ ከላይ ከላይ መቅዳትም ብዙ ይረዳል፤ ኖራው አብዛኛው ድስቱ ላይ ይቀራል። አንድ አንባቢ «የባትሪ ውሃ ብጨምርበትስ?» ብሎኛል። በፍጹም! በዚያ ስም አሲድም ይሸጣል።

«አሜሪካ ያለች እህቴ ጥሩ ማሽን ልትልክልኝ ነው። እቀበል?» (ከሐረር፣ ሸንኮር)

ፍቅሯን ተቀበይ፣ ማሽኑን ግን ይቅር በያት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ማሞቂያ ያለው ዕቃ ላይ ልዩነቱ ቀልድ አይደለም። ለ120 ቮልት የተሠራ ባለ 900 ዋት ማሽን 220 ላይ ሲሰካ ወደ 3,000 ዋት ሊስብ ይሞክራል፤ ቡናው ሳይወርድ ጭሱ ይወጣል። ትራንስፎርመር አለ እንዳትዪኝ። ይህን ጭነት የሚችለው ራሱ ከማሽኑ ሊከብድ ይችላል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ገንዘቡን ብትልክልሽ ይሻላል። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት ከእኛ ጋር ይስማማል፤ ችግሩ ሦስት እግር ያለው ሶኬቱ ብቻ ነው። በርካሽ አዳፕተር ከምትሰኪው ባለሙያ ጫፉን ይቀይርልሽ።

«ስታቢላይዘር ላይ ሳደርገው ድምፅ እያሰማ ያጠፋዋል።» (ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ)

ስታቢላይዘርዎ ትንሽ ነው። ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ የሚሸጠው ባለ 1,000 አብዛኛውን የቡና ማሽን አይችልም። የግፊት ማሽን ከ1,000 እስከ 1,500 ዋት ይስባል፣ የውሃ ማፍያ እስከ 2,200 ይደርሳል። ሁለቱን በአንድ ዲቫይደር አይስኩ፤ ገመዱን በእጅዎ ሲነኩት ይግላል፣ እሳቱም ከዚያ ነው የሚነሳው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሽኑን ከግድግዳው ይንቀሉት። ቀላሎቹ ማሽኖች ማብሪያቸው ተጭኖ ስለሚቀር መብራት ሲመጣ፣ እርስዎ ቤት ባይኖሩም፣ ባዶ መያዣ ማሞቅ ይጀምራሉ። ለመግዛት ያሰባችሁም ቡናው የሚወርድበት ዕቃ የመስታወት የሆነውን ትታችሁ ባለ ፔርሙዙን ፈልጉ። መብራት ቢሄድም ቡናው ይቆያል። የመስታወቱ ከሥሩ እየተጣደ ስለሚቆይ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመራል።

«ውሃ የማፈላበት ዲጂታል ፔርሙዜ ከ94 ዲግሪ አላልፍ አለ። ሻጩ እስከ 100 ይደርሳል ብሎኝ ነበር።» (ከሐረር)

ዕቃው ደህና ነው፣ ሻጩም ዋሽቶ አይደለም። ሐረር ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ድሬ በ1,200 ሜትር ላይ ስለሆነች 96 አካባቢ ይደርሳል። 98 ላይ ካደረግከው ሲንፈቀፈቅ ይውላል እንጂ አይደርስበትም፣ መብራትም ይበላል። 90 ላይ አድርገውና ተገላገል።

«አያቴ ከገጠር ቆልታ የምትልክልኝን ቡና አውቶማቲኩ ማሽን ውስጥ ብጨምረውስ?» (ከሐረር፣ ጀጎል)

ይቻላል፣ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። መጀመሪያ ጠጠር። የሐረርጌ ቡና በአብዛኛው ከነፍሬው ፀሐይ ላይ የሚደርቅ ጀንፈል ነው። መሬት ላይ የተሰጣ ከሆነ የቡና ፍሬ የምታህል፣ ቀለሟም የቡና የሆነች ጠጠር አብራ ትመጣለች። ሙቀጫው አይጎዳም። የማሽኑ ወፍጮ ግን አንዷ ከገባችበት ክርር ብሎ ይቆማል፣ ጥርሱም ይሸረፋል። ስለዚህ ሰፌድ ላይ በተን አድርገሽ፣ በጣትሽ እየነካሽ ልቀሚ። እየተራገፈ ሲወርድ ድምፁ ከሌላው ለየት የሚል ካለ እሷው ናት።

ሁለተኛው ቅባት ነው። አያትሽ እስኪጠቁር፣ ዘይቱ እስኪወጣ የምትቆላ ከሆነ ፍሬው ወፍጮው ላይ ይጣበቃል። መካከለኛ፣ ላዩ ደረቅ የሆነ ይላኩልሽ። የሐረር ቡና ያ የፍራፍሬ ጣዕሙ የሚወጣውም እንዲያ ሲቆላ ነው። ሙሉ በሙሉ ካጠቆርሽው ከሌላው ምን ለየው? በፊልተር ማሽን ለሚጠቀሙ ደግሞ፣ ለጀበና የተፈጨው ይደቅባችኋል። ወረቀቱን ይደፍንና ውሃው ከላይ ይፈሳል። ትንሽ ሻካራ ይሁን፣ በሊትር 60 ግራም ገደማ።

«ሄልና ዝንጅብል፣ ወይም ቁጢ በማሽኑ ይሆናል?» (ከድሬዳዋ)

የተፈጨ ሄል ከቡናው ጋር ፊልተሩ ላይ ይሆናል። ውሃ መያዣው ውስጥ ግን ከውሃ በቀር ምንም አይግባ፤ ቅመምም፣ ጨውም፣ ወተትም። ቁጢ ግን አይሆንም። የቡና ቅጠል ረጋ ብሎ መፍላት ይፈልጋል፣ ማሽኑ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ አሳልፎ ይጨርሳል። የምታገኙት ቀለም ያለው ውሃ ነው።

«አራስ ነኝ። ለሕፃኑ የዱቄት ወተት የማሽኑን ሙቅ ውሃ ልጠቀም?» (ከድሬዳዋ፣ ለገሀሬ)

አይሆንም እህቴ። ውሃው መያዣው ውስጥ ያደረ ነው፣ የሚያልፍበት ቱቦም የቡናና የወተት ርዝራዥ ይኖረዋል። በንጹህ ዕቃ አፍዪና ትንሽ አብርጂው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ ይበጥበጥ ይላል፤ ዱቄቱ ራሱ ጀርም ሊኖርበት ስለሚችል ነው። ከዚያ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ፣ ክንድሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ሞክሪና ስጪው።

«ቢሯችን 12 ሰው ነን። አዋጥተን ምን እንግዛ?» (ከድሬዳዋ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች)

የካፕሱሉን፣ ማለት ለአንድ ስኒ በታሸገ ቡና የሚሠራውን፣ አትግዙ። ካፕሱሉ ሲያልቅ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው ስትጠብቁ ትከርማላችሁ። የግፊት ማሽንም በአንድ ጊዜ አንድ ሁለት ስኒ ስለሚያወጣ የሻይ ሰዓታችሁ በሰልፍ ያልቃል። ባለ 5 ሊትር፣ እየተጫኑ የሚቀዱበት ኤሌክትሪክ ፔርሙዝ ግዙ። ለከረጢት ሻይ፣ ለኔስካፌ፣ ጉንፋን ለያዘው ይሆናል። ኖራውን በየወሩ የሚያጸዳ ሰው በተራ መድቡ፣ አለዚያ ማንም አይነካውም። ለቡናው በር ላይ ጀበና ከምታፈላው ልጅ ጋር በወር ተነጋገሩ። 12 ስኒ በአንድ ረከቦት ይዛ ትመጣለች።