ክኒኑ ሲያሽል

ጥያቄ፦ ወንድሜ ደሴ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። በቅርቡ ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚወስደው መንገድ ጠፋበት! ኤምአርአይ ሲነሳ ጭንቅላቱ ውስጥ እብጠት ታየ። አንዱ ሐኪም ቲቢ ነው አለ፣ ሌላው ሊምፎማ የሚባል ካንሰር። ዴክሳሜታሶን የሚባል ክኒን ሲጀምር ግን በሳምንቱ ቀለል አለው። እናታችን ዱዓ አስደረገች። ድኗል ማለት ነው?
እህቱ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ዱዓው አይቋረጥ። እኔን ያሳሰበኝ ግን መሻሉ ራሱ ነው። ዴክሳሜታሶን በእብጠቱ ዙሪያ የቋጠረውን ውሃ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቲቢም ቢሆን ሕመሙ ይቀላል። ሊምፎማ ላይ ሲሆን ደግሞ ሴሎቹን ራሳቸውን ይገድላል። እብጠቱ ከምስሉ ላይ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል፤ ከዚያ ይመለሳል። ክፋቱ፣ ያኔ ከእብጠቱ ቦታ ናሙና ቢወሰድ ላቦራቶሪው ምንም ላያገኝ ይችላል።

ኤችአይቪ ይመርመር፤ አትቀየሙኝ። ቫይረሱ ካለ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ኢንፌክሽንም ይጠረጠራል፣ እሱም በምስል ሊምፎማን ይመስላል። የደረት ራጅም ይነሳ። ደረቱ ንጹሕ ሆነ ማለት ግን የጭንቅላት ቲቢ የለም ማለት አይደለም።

ብዙ ጊዜ ቁርጡን የሚናገረው ናሙና ነው። የመጀመሪያውን የኤምአርአይ ሲዲ ይዛችሁ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ክኒኑን መቼ እንደጀመረ ንገሩት። በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፣ አደጋ አለው። ባጃጁን ለጊዜው ሌላ ሰው ይንዳው።