መልስ፦ ክሊፕቦርድህ ላይ ያለውን ሳታይ ለጥፍ የሚለው ጨዋታ

ጓደኞችህ «መጨረሻ ኮፒ ያደረግከውን ሳታይ እዚህ ፔስት አድርግ» እየተባባሉ እንደሚጫወቱ ጽፈህ፣ ችግር አለው ወይ ብለሃል። ጨዋታው ያስቃል፤ ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ ከየት እንደመጣ የተረሳ ሊንክ፣ ለማን እንደታሰበ የማይታወቅ ስድብ ሁሉ ይወጣል። ሳያዩ መለጠፉን ግን እኔ አልደግፍም።

ክሊፕቦርድ፣ ማለትም ኮፒ ያደረግከው ለጊዜው የሚቀመጥበት ቦታ፣ ቀልድን ከይለፍ ቃል አይለይም። በኤስኤምኤስ የመጣ የማረጋገጫ ኮድ፣ የሂሳብ ቁጥር ወይም ሌላ ሰው አምኖ የነገረህ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ የመጨረሻው ደግሞ ያንተ ብቻ ምስጢር አይደለም። ሊንክም ቢሆን ቀላል አይደለም፦ ሊንኩን ላገኘ ሁሉ ክፍት የሆነ የጉግል ሰነድ ከሆነ ማንም ይገባበታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ለጥፈህ እየው። የጨዋታው ለዛ ትንሽ ይቀንሳል፤ ይቀንስ! ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ የክሊፕቦርድ ታሪክን ካበራህ፣ የዊንዶውስ ቁልፍንና ቪን አብረህ ስትጫን እስከ 25 የሚደርሱ የቀድሞ ኮፒዎች ይመጡልሃል፤ ከዚያ የሚያስቀውን መምረጥ ነው።

የይለፍ ቃል ካመለጠህ መልእክቱን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ኖቲፊኬሽኑ ላይ ያነበበው አንብቦታል። ወዲያው ቀይረው።