ሁለት ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ዶክትሬት፣ ሁለት ኢንቮይስ፦ ከሐረር ለተነሣው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ከሐረር የጻፉልን እኅታችን ያነሡት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። በአንድ የፈረንሳይና በአንድ የአውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ የጋራ አማካሪነት ዶክትሬት እንዲሠሩ ተቀባይነት አግኝተዋል፤ ከሁለቱም ወገን የክፍያ ጥያቄ ደርሶዎታል፤ የአውስትራሊያው ብቻውን የብዙ ዓመት ደመወዝዎን ይበላል፤ ስለዚህ የትኛውን እንደሚከፍሉና የሚቀነስበት መንገድ መኖሩን ማወቅ ይፈልጋሉ። እኔ የድሬዳዋ ሰው ነኝ። በእነዚሁ ሁለት አገሮች መካከል በተጋራ ዶክትሬት የከርሰ ምድር ውኃን አጥንቼ እ.ኤ.አ. በ2025 ጨርሻለሁ። ከጥናቱ ይልቅ ክፍያው እንቅልፍ የነሣኝ ወራት ስለነበሩ ያለፍኩበትን ሳላሳጥር እጽፍልዎታለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ፣ ከሁለቱ ኢንቮይሶች አንዱንም አሁን እንዳይከፍሉ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ዶክትሬት የክፍያው ነገር የሚወሰነው በባንክ መስኮት ሳይሆን፣ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች በሚፈራረሙት የስምምነት ሰነድ ውስጥ ባለች አንዲት አንቀጽ ነው። ያቺ አንቀጽ ከመጀመሪያው ምዝገባ በፊት በደንብ ከተጻፈች አብዛኛው ጭንቀት ይቀራል፤ በደፈናው ከተጻፈች ወይም ሳትጻፍ ከቀረች ግን በየሴሚስተሩ ክርክር ውስጥ ይገባሉ።

ፈረንሳዮች ኮቱቴል በሚሉት በዚህ አሠራር ተማሪው በሁለቱም ቦታ ይመዘገባል፤ ከየወገኑ አማካሪ ይኖረዋል፤ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፎ በፈታኞች ፊት አንድ ጊዜ ይከላከላል፤ ዲግሪውን ግን ከሁለቱም ያገኛል። በሁለቱም መመዝገብ ማለት ለሁለቱም መክፈል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2016 የወጣው የፈረንሳይ የዶክትሬት ሥልጠና ድንጋጌ፣ ስምምነቱ የክፍያውን ሁኔታ እንዲወስን ያዝዛል፤ ተማሪው በአንድ ጊዜ በብዙ ተቋማት ክፍያ እንዲከፍል ሊገደድ እንደማይችልም በግልጽ ይናገራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ይህ የፈረንሳይ ሕግ የአውስትራሊያውን ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ አያስገድደውም። የሚያስገድደው ፊርማው ነው። ስለዚህ የሕጉ ቃል በስምምነቱ ውስጥ ገብቶ የአውስትራሊያው ወገን ካልፈረመበት፣ «የፈረንሳይ ሕግ እንዲህ ይላል» ብሎ መከራከር ብዙም አይረዳዎትም።

የሁለቱ ክፍያዎች ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ካላየን ግን የዚህ አንቀጽ ክብደት አይገባንም። በፈረንሳይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዓመታዊ ምዝገባ በ2024/25 የትምህርት ዘመን 391 ዩሮ ነበር፤ በ2025/26 ደግሞ 397 ዩሮ ሆኗል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በሚመጡ ተማሪዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የተጣለው ከፍተኛ ክፍያ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪ እንጂ የዶክትሬት ተማሪን አይመለከትም። በዚህ ላይ በፈረንሳይኛ ምሕፃሩ ሲቬክ የሚባለው የተማሪዎች መዋጮ አለ፤ እርሱም በ2025/26 105 ዩሮ ነው። በድምሩ 502 ዩሮ ማለት ነው። በአውስትራሊያ በሳይንስ መስኮች ያለ የውጭ አገር ዶክትሬት ተማሪ ግን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት ከ40 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ይጠየቃል። ስለዚህ የእርስዎ ጥያቄ «ለማን ልክፈል» ከመሆኑ ይልቅ «የአውስትራሊያው ክፍያ በጽሑፍ እንዲነሣልኝ ምን ላድርግ» ቢሆን ይሻላል።

የእኔ ረቂቅ ስምምነት ሲመጣ የክፍያው አንቀጽ «ተማሪው በየተቋሙ ደንብ መሠረት ይከፍላል» የሚል ነበር። እኔ አንብቤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደንብ መከበሩ ምን ክፉ አለው ብዬ ነው። ሁለቱም አማካሪዎቼ አልፈውታል። ያስተዋሉት በፈረንሳይ በኩል የዶክትሬት ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የነበሩ ሴት ናቸው። ወረቀቱን አትመው ዐረፍተ ነገሩን በቀይ ብዕር ከበቡና፣ «ይህ ማለት ሁለት ጊዜ ትከፍላለህ ማለት ነው» አሉኝ። በምትኩ አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ እንዲገባ አደረጉ፤ አንደኛ ዓመት በፈረንሳይ ይከፈላል፣ በአውስትራሊያ ነጻ ነው፤ ሁለተኛ ዓመት እንዲሁ፤ እያለ እስከ አራተኛው ዓመት ይወርዳል። ያቺን ባለ አራት መስመር ሠንጠረዥ ዛሬም አመሰግናታለሁ። የእርስዎም ረቂቅ «በየተቋሙ ደንብ መሠረት» የሚል ሐረግ ካለው ይሰረዝ፤ የየዓመቱ ከፋይና ነጻ አድራጊ ተለይቶ ይጻፍ።

የአውስትራሊያው ወገን ነጻ የሚያደርግበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ያለው የመንግሥቱ የምርምር ሥልጠና ድጋፍ ነው፤ የትምህርት ክፍያን ይሸፍናል፣ ለኑሮም ሊሰጥ ይችላል፤ ለውጭ አገር ተማሪ የሚደርሰው ቦታ ግን ጥቂት ነው፣ ውድድሩም ብርቱ ነው። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለኮቱቴል ተማሪዎች የሚሰጠው የክፍያ ምሕረት ነው፤ የእኔ ይህ ነበር። በየትኛውም መንገድ ቢሆን «ክፍያዎ ተሸፍኗል» የሚል ኢሜይል አይበቃም። የምሕረቱ ደብዳቤ በስምዎ ወጥቶ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ፈረንሳይ በሚቆዩበት ጊዜም ይሠራ እንደሆነ፣ ጊዜው ሲያልፍ ምን እንደሚሆን በውስጡ ሊነበብ ይገባል። የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ አይዘንጋ፤ ብዙ ምሕረት ለሦስት ዓመት ወይም ለሦስት ዓመት ተኩል ይሰጣል፣ በሁለት አገር የሚመላለስ ሰው ዶክትሬት ግን አራት ዓመት መፍጀቱ የተለመደ ነው። በመካከል የሚተርፈው አንድ ሴሚስተር በሙሉ ዋጋ ከተቆጠረ ለዓመታት የታገሉለትን ሁሉ ያፈርሳል።

አንቀጹ ተስተካክሎ ከተፈረመ በኋላም ቢሆን ነገሩ በራሱ አይሄድም፤ ይህን የተማርኩት በችግር ነው። በአውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲዎች በየሴሚስተሩ የቆጠራ ቀን የሚባል አለ፤ በዚያ ቀን በመዝገብ ላይ ያለዎት ሁኔታ ነው ዕዳዎን የሚወስነው። በ2023 ወደ ፈረንሳይ ስሻገር፣ ስምምነቱ ተፈርሟልና መዝገቤም ይህን ያውቃል ብዬ፣ «በአጋር ተቋም የሚገኝ» የሚለውን ቅጽ ሳልሞላ ሄድኩ። የቆጠራው ቀን አለፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ክፍያ፣ ከ20 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር በላይ፣ በስሜ ወጣ፤ የቤተ መጻሕፍት መግቢያዬም ተዘጋ። የምዝገባ ክፍሉ ወደ ፋይናንስ፣ ፋይናንስ ወደ ምርምር ቢሮ እያመላለሰኝ አምስት ወር ፈጀ። እናቴ ድሬዳዋ ቀዚራ ሆና ይህን በስልክ ስትሰማ ወርቋን ለመሸጥ ተነሥታ ነበር፤ አይሆንም ብዬ ያስቆምኳት እኔ ነኝ፤ ቢሸጥም የትም አይደርስም ነበር። በመጨረሻ ዕዳው የተሰረዘው ያቺን ባለ አራት መስመር ሠንጠረዥ ከነፊርማዋ አያይዤ ስለላክሁ ነው። እርስዎ ግን ከአገር አገር በተሻገሩ ቁጥር ከቆጠራው ቀን በፊት ሁኔታዎን ያስቀይሩ፤ መቀየሩንም በኢሜይል አረጋግጠው ይያዙ።

አሁን ወደ ብሩ ልመለስ፤ ምክንያቱም ክፍያው 502 ዩሮ ብቻ ቢሆንም ከእኛ አገር ሆኖ መክፈል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ እኔ ከሳቢያን የውኃ ጉድጓዶች መረጃ ለመሰብሰብ ድሬዳዋ ነበርኩ። ለምዝገባ፣ ለጤና መድንና ለትኬት ብዬ ያጠራቀምኩት 120 ሺህ ብር ነበር። በፊት በነበረው በ57 ብር ገደማ ሒሳብ 2,100 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነው። ባንክ ስሄድ የውጭ ምንዛሪ ክፍሉ ሠራተኛ ማራገቢያው ኢንቮይሴን እንዳያበረው ማኅተሟን አስቀመጠችበትና ካልኩሌተሯን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ፤ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ነበር። በኋላ 120 ብር ሲገባማ ያው ገንዘብ 1,000 ዶላር ብቻ ሆነ። ስለዚህ በብር የሚያስቀምጡትን ገንዘብ በዛሬው ምንዛሪ አስበው በቂ ነው አይበሉ። ክፍያው በታወቀ ጊዜ ቶሎ ይላኩት፤ ዕቁብም የሚጥሉ ከሆነ ዕጣው ከምዝገባ ወር በፊት እንዲደርስዎ ዳኛውን ይለምኑ።

ባንኩ የሚጠይቀው የመቀበያ ደብዳቤ፣ በስምዎ የተዘጋጀ ኢንቮይስ፣ የፓስፖርት ቅጂና ማመልከቻ ነው። ኢንቮይሱ ላይ የተጻፈው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ ይመለሳል፤ የአያትዎ ስም መግባት አለመግባቱን አስቀድመው ይዩ። ሲልኩም ገንዘቡ የሚያልፍባቸው መካከለኛ ባንኮች የሚቆርጡትን ሁሉ ላኪው ይሸፍናል የሚለውን አማራጭ ይምረጡ። እኔ ይህን ሳላውቅ 391 ዩሮ ልኬ 366 ደረሰ። በሃያ አምስት ዩሮ ጉድለት ምዝገባዬ ለሦስት ሳምንት ተንጠልጥሎ ቆየ፤ እዚያ የነበረ ጓደኛዬ በካርዱ ከፍሎ ባይገላግለኝ የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳትም ይዘገይ ነበር። ስዊፍት የሚባለውን የባንኩን የዝውውር ማረጋገጫ ቅጂ በዚያው ቀን ለዩኒቨርሲቲው ፋይናንስ ይላኩ።

ከትምህርት ክፍያ ውጭ ያሉትን በአጭሩ ላንሣ። በፈረንሳይ የተማሪ የጤና መድን ምዝገባ በነጻ ነው። በአውስትራሊያ ግን የውጭ ተማሪዎች የጤና መድን ለቪዛው ዘመን በሙሉ ግዴታ ነው፤ የተማሪ ቪዛ ማመልከቻውም ከጁላይ 2025 ጀምሮ 2,000 የአውስትራሊያ ዶላር ሆኗል። እነዚህን የክፍያ ምሕረቱ አብዛኛውን ጊዜ አይነካቸውም፤ ስለዚህ በስምምነቱ ወይም በአማካሪዎ የምርምር በጀት ማን እንደሚችላቸው አሁኑኑ ይጠይቁ። ለመከላከያው ቀን የሚመጡ ፈታኞች ትኬትም እንዲሁ ነው። የመከላከያው ቀን ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር፤ በፈረንሳይ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ዲሴምበር 31 የተከላከለ ተማሪ ለአዲሱ ዓመት እንደገና አይመዘገብም። ጃንዋሪ ላይ መከላከል አንድ ዓመት ክፍያ ይጨምራል።

ስለ ደመወዝዎም ጠይቀዋል። መሥሪያ ቤትዎ በትምህርት ፈቃድ ላይ ሳሉ የሚከፍልዎት ደመወዝ እዚህ ላለው ቤተሰብ እንጂ እዚያ ላለው ክፍያ አይሆንም፤ በእርሱ ላይ ተመሥርተው አይፈርሙ። የአገልግሎት ግዴታ ውሉን ሲፈርሙ ግን የፈቃዱ ዓመታት ከኮቱቴል ስምምነቱ ዓመታት ጋር መግጠማቸውን ይመልከቱ። ስምምነቱ አራት፣ ፈቃዱ ሦስት ዓመት ከሆነ፣ በአራተኛው ዓመት ደመወዙ ይቆማል፣ ዋስዎም ይጠየቃሉ። ዋስ የሆነልኝ አጎቴ ስለነበረ ይህ ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበኝ ነበር።

የአውስትራሊያው ዩኒቨርሲቲ ክፍያውን ላለማንሣት ቢጸና ምን ይደረግ? እኔ ብሆን በዚያን ጊዜ ኮቱቴሉን ትቼ የጋራ አማካሪነት ብቻ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ማለትም በፈረንሳይ ብቻ ተመዝግበው ይከፍላሉ፣ የአውስትራሊያው መምህር ሁለተኛ አማካሪ ሆነው ይቀጥላሉ፣ እርስዎም ለጥቂት ወራት በእንግዳ ተመራማሪነት ይሄዳሉ። የሚያጡት ሁለተኛውን ዲግሪ ነው፤ አማካሪውን፣ ቤተ ሙከራውንና የጋራ ጽሑፎቹን አያጡም። ሰዎች ይህን እንደ ሽንፈት ሲያዩት ያሳዝነኛል። በየዓመቱ 40 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር የሚያስወጣ ሁለተኛ ወረቀት በእኛ አቅም የሚገዛ አይደለም። የፈረንሳይ መንግሥት ኤፌል የተባለው ስኮላርሺፕ የዶክትሬት ክፍልም የጋራ አማካሪነት ወይም ኮቱቴል ላላቸው የታሰበ ነው። የሚያመለክትልዎ የፈረንሳዩ ዩኒቨርሲቲ እንጂ እርስዎ አይደሉም፤ የዕድሜ ገደብም ስላለው ዛሬውኑ አማካሪዎን ይጠይቁ።

ሌላ አገር ገና እየመረጡ ያሉ አንባቢዎች ካሉ፣ በጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ተማሪ ባብዛኛው የሴሚስተር መዋጮ ብቻ እንደሚከፍል፣ በስዊድንና በኖርዌይ ደግሞ ዶክትሬቱ የሚሠራው በአብዛኛው በደመወዝ ተቀጥሮ እንደሆነ ያስቡበት። አንዱ ወገን እንዲህ ያለ አገር ሲሆን ድርድሩ በጣም ይቀላል።

እኅቴ፣ ለሁለቱም አማካሪዎችዎ በአንድ ኢሜይል እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «የመጀመሪያውን ምዝገባ ከመፈጸሜ በፊት፣ በየዓመቱ የት እንደምከፍልና የትኛው ተቋም ነጻ እንደሚያደርገኝ እስከ አራተኛው ዓመት ድረስ በስምምነቱ ውስጥ በሠንጠረዥ እንዲገባልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ እስከዚያ ድረስ የደረሱኝን ኢንቮይሶች በይቆይ እንዲያዙልኝ ይርዱኝ።» ኢንቮይሶቹ ላይ ያለውን የመክፈያ ቀነ ገደብም በኢሜይሉ ይጥቀሱ። ረቂቁ ሲደርስዎ የክፍያውን አንቀጽ ስምዎን ሸፍነው ቢልኩልኝ ቃል በቃል አነብልዎታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐረር ስለምመጣ በአካል ተገናኝተን ብናየውም ደስ ይለኛል፤ የእኔን ሠንጠረዥ ቅጂ ይዤልዎ እመጣለሁ።