«ሰውነት የለውም» የተባለው ሞድሪች፣ የውሰት ዓመቶቹ እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። ታናሽ ወንድሜ 15 ዓመቱ ነው፣ አማካይ ነው የሚጫወተው፣ ኳስ ይችላል ግን ቁመቱም ኪሎውም ከእኩዮቹ ያንሳል። ባለፈው ለሙከራ ሄዶ «ጎበዝ ነህ ግን ሰውነት የለህም» ብለው መለሱት፣ ከዛ ወዲህ ኳስ አልነካም ብሎ ተኮራምቶ ተቀምጧል። እኔ ሞድሪችም እንዳንተ ተመልሶ ነበር ስለው «ልታጽናኚኝ የፈጠርሽው ነው» ይለኛል። እውነት ነው ወይስ የፌስቡክ ተረት?

መልስ፦ አልፈጠርሽውም እህታችን፣ እውነት ነው። የክሮኤሺያው አማካይ ሉካ ሞድሪች በልጅነቱ ሀይዱክ ስፕሊት ለሙከራ ሄዶ ትንሽ ነህ ደቃቃ ነህ ተብሎ ተመልሷል። ሀይዱክ ደሞ በክሮኤሺያ የባህር ዳርቻ ላደገ ልጅ እንዲሁ አንድ ክለብ አይደለም፣ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ የሚያልመው ማልያ እሱ ነው፣ ስለዚ ወንድምሽ አሁን የገባበት ስሜት ውስጥ ያም ሰውዬ ገብቶ ያውቃል በይው።

ብዙ ሰው የሞድሪችን ልጅነት ሲያወራ የክሮኤሺያ ጦርነት ላይ ነው የሚቆመው፦ በ1991 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አያቱ መገደላቸው፣ ቤታቸው መቃጠሉ፣ ቤተሰቡ ዛዳር ከተማ ሆቴል ውስጥ ተፈናቃይ ሆኖ ለዓመታት መኖሩ፣ ልጁ የሆቴሉ መኪና ማቆሚያ ላይ ኳስ ሲያንከባልል መዋሉ። ሁሉም እውነት ነው፣ ግን እንደኔ እንደኔ ለወንድምሽ የሚጠቅመው የቶሚስላቭ ባሺች ነገር ነው። ባሺች የዛዳር ክለብ የታዳጊዎች ሀላፊ ነበር፣ ሌላው የመለሰውን ልጅ አልለቅም ብሎ ሙጭጭ ያለ ሰው ነው። ለዛ ቀጫጫ እግር ከእንጨት የቅልጥም መከላከያ ሰርቶለታል፣ ኋላም ዲናሞ ዛግሬብ እንዲገባ መንገዱን ያመቻቸው እሱ ነው፣ ሞድሪችም የስፖርት አባቴ ነው ይለዋል።

ወደ ሰውነቱ ስንመጣ፣ በዚህ እድሜ የትውልድ ዓመት አንድ ሆኖ እንኳ ሰውነት እኩል አያድግም፣ አንዱ በ12 በ13 ጉርምስና ጀምሮ ትከሻው ሲሰፋ ሌላው 15 ሞልቶትም ገና ልጅ ነው፣ እና ሙከራ ላይ አንድ ሜዳ ሲገቡ ቀድሞ የጎረመሰው ሁሉን እየገፋ ያልፋል፣ መልማዩም እሱን ይዞ ይሄዳል። በዛ ላይ በብዙ ሀገር የእድሜ ምድብ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ስለሆነ በጃንዋሪ የተወለደና በዲሴምበር የተወለደ ልጅ አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ በቀረው ልዩነት «እኩያ» ተብለው ይሰለፋሉ፣ ለዚህም ነው አካዳሚ ውስጥ ከዓመቱ መጀመሪያ የተወለዱት የሚበዙት። ሞድሪች የሴፕቴምበር ልጅ ነው፣ ስለዚ እሱም ዘግይተው ከተወለዱት ወገን ነው።

ደሞ አማካይ ላይ ትንሽ ሆኖ ማደግ የሚያስተምረው ነገር አለ። ገፍቶ ማለፍ የማይችል ልጅ ኳሷ ሳትደርስ ማየት ይለምዳል። ሞድሪች ኳስ ሊቀበል ሲል አንገቱን እዩት፣ ኳሷ መንገድ ላይ እያለች ቀኝ ግራ ይዞራል፣ ስትደርስ ታክል የሚገባውን ሰው በመጀመሪያው ንክኪ አልፎታል ወይ ደሞ በውጪ እግሩ አሻግሯታል። በትከሻ የሚያሸንፍ ልጅ ይሄንን ለመልመድ ምንም አያስገድደውም።

ሌላ ምሳሌ ከፈለገ የፈረንሳዩን አማካይ ንጎሎ ካንቴን ንገሪው። አካዳሚ የሚባል ደጃፍ ሳይረግጥ እስከ 19 ዓመቱ ሱሬን የሚባል አማተር ክለብ ነበር፣ በ2010 ቡሎኝ የሚባል ክለብ ገብቶ በመጠባበቂያ ቡድን ጀመረ፣ 2012/13ን በፈረንሳይ 3ኛ ዲቪዚዮን ተጫወተ፣ ከዛ ካን የሚባለው ክለብ፣ በ2015 የእንግሊዙ ሌስተር፣ በ2016 የእንግሊዝ ሻምፒዮን፣ በ2018 የዓለም ሻምፒዮን።

ጥያቄ፦ ዲናሞ በሞድሪች ያን ያህል ካመነ ለምንድነው ቦስኒያ ድረስ በውሰት የላከው? ለኔ ውሰት ማለት «አንፈልግህም» የሚለው ነገር በጨዋ አነጋገር ነው።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ልክ ነህ ወንድማችን፣ እዚህ ላይ ግን አይደለህም። ዲናሞ የገባው በ2002፣ በ16 ዓመቱ ነው። ዋናው ቡድን ውስጥ ወንበር ከሚያሞቅ ተብሎ ለ2003/04 ሞስታር ከተማ ወዳለው ዝሪንስኪ ክለብ በውሰት፣ ማለትም ለጊዜው እዛ እንዲጫወት ተላከ። አስቡት፣ የቦስኒያ ጦርነት ካበቃ 10 ዓመት እንኳ አልሞላውም፣ የሀገሪቱ ክለቦች በሙሉ አንድ ሊግ ውስጥ መጫወት የጀመሩት ገና በ2002 ነው፣ ሜዳው ሻካራ፣ ተከላካዩ ከኳሱ ይልቅ ቁርጭምጭሚት የሚፈልግ። እዛ ውስጥ ነው ይሄ ቀጫጫ 22 የሊግ ጨዋታ ተጫውቶ 8 ጎል ያገባው፣ በ18 ዓመቱም የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በኋላ ሲጠየቅ በቦስኒያ ሊግ መጫወት የቻለ ሰው የትም መጫወት ይችላል ነው ያለው።

ቀጣዩ ውሰት ኢንተር ዛፕሬሺች ነበር፣ እዛው ክሮኤሺያ ያለ ትንሽ ክለብ፣ ግማሽ ሲዝን ቆየ። እና የሚያስቀው፣ በዛ 2004/05 ኢንተር 2ኛ ሆኖ ሲጨርስ ትልቁ ዲናሞ 7ኛ ነው የወጣው። ክለቡ ልጁን በሲዝኑ አጋማሽ መልሶ ጠራው፣ ከቀጣዩ ሲዝን ጀምሮ ዲናሞ 3 ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2007 ደሞ እሱ የሊጉ ምርጥ ተባለ።

ስለዚ ውሰት ሲባል «የት ሄደ?» ከማለት በፊት «ይሰለፋል ወይ?» በሉ። ትልቅ ሊግ ሄዶ ተቀያሪ ላይ የሚቀመጥ የ18 ዓመት አማካይ ዓመቱን አቃጥሏል ባይ ነኝ፣ አማካይነት በቲቪ አይተው የሚማሩት ነገር አይደለማ።

ጥያቄ፦ ለብሔራዊ ቡድን መጀመሪያ የተሰለፈው መቼ ነው? ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል።

መልስ፦ ማርች 1 ቀን 2006፣ ባዝል ከተማ፣ ከአርጀንቲና ጋር፣ ክሮኤሺያ 3 ለ 2 አሸነፈች። ሜሲ ለአርጀንቲና ዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጎሉን ያገባውም በዚሁ ጨዋታ ነው። ውርርዱን ማን እንደበላ ንገሩን።

ጥያቄ፦ ሞድሪች በ20 ዓመቱ አካባቢ የ10 ዓመት ኮንትራት ፈረመ የሚባል ነገር አንብቤ ደነገጥኩ። ይሄ ልጅን አስሮ መያዝ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ፈርሟል፣ በ2005፣ ከውሰት እንደተመለሰ። በዛ ገንዘብ ለቤተሰቡ ዛዳር ውስጥ አፓርታማ ገዛ፣ እነዛ የሆቴል ዓመታት ላሳለፈ ቤተሰብ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም እና እሱ ላይ መፍረድ ይከብደኛል። ግን ረጅም ኮንትራት ክለቡን ነው የሚጠቅመው፣ ገዢ ሲመጣ ዋጋ የሚቆርጠው ያ ወረቀት በእጁ ያለው ነው። በ2008 የእንግሊዙ ክለብ ቶተንሃም ሲወስደው 16.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሏል፣ በጊዜው ለክለቡ ትልቅ ሂሳብ ነበር። የፊፋ ደንብ ላይ ኮንትራት ቢበዛ 5 ዓመት ነው፣ የሀገሩ ህግ ካልፈቀደ በስተቀር ከዛ አይረዝምም፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደሞ ፊፋ ከ3 ዓመት በላይ አይቀበልም። ልጃችሁ 16 ሆኖ የ5 ዓመት ወረቀት ፈርም ካሉት እንግዲ ይሄን አስታውሱ።

ጥያቄ፦ ልጁን ከስር ያሳደጉት ትንንሽ ክለቦችስ ከዛ ሁሉ ሚሊዮን ምን ያገኛሉ? የታዳጊ ቡድን ስለማሰለጥን ነው የምጠይቀው።

መልስ፦ ደስ የሚል ጥያቄ ነው አሰልጣኝ። ተጫዋቹ ኮንትራቱ ሳያልቅ ከአንድ ሀገር ወደ ሌላ ሀገር ክለብ ሲሸጥ ከዋጋው 5 ፐርሰንት ተነስቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፣ ፊፋ የአንድነት ክፍያ የሚለው ነው። ከ12 እስከ 15 ላሉት ሲዝኖች በየዓመቱ ከጠቅላላው ዋጋ 0.25 ፐርሰንት፣ ከ16 እስከ 23 ደግሞ 0.5 ፐርሰንት። በ16.5 ሚሊዮን ብናሰላው 5 ፐርሰንቱ 825,000 ፓውንድ ነው፣ ልጁን በ14 ዓመቱ አንድ ሲዝን ያሰለጠነ ክለብ ድርሻው ወደ 41,000 ይጠጋል፣ ለትንሽ ክለብ የዓመት ማልያና ኳስ ከመግዛት አልፎ ይተርፋል። በውሰት የያዘው ክለብም ላጫወተበት ጊዜ ይታሰብለታል። ተጫዋቹ በተሸጠ ቁጥር ደግሞ ሂሳቡ እንደገና ነው የሚሰራው።

ችግሩ ወረቀት ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው በተጫዋች ፓስፖርቱ ላይ ለተመዘገበ ክለብ ነው፣ ፓስፖርት ስንል የመጓጓዣውን ሳይሆን ልጁ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የት የት እንደተመዘገበ የሚያሳየውን የፌዴሬሽን ሰነድ ማለታችን ነው። ሜዳ ላይ አሰልጥነኸው ፌዴሬሽን ጋ ካላስመዘገብከው ያንተ ዓመት ባዶ ሆኖ ያልፋል፣ ስለዚ ልጆቹን በየሲዝኑ መጀመሪያ አስመዝግብ፣ ኮፒውንም ክለቡ ጋ አስቀምጥ።