በኛ ቤት ግን እንዲህ አይደለም

ሰሞኑን አንዲት ወጣት መምህርት መልእክት ላከችልኝ። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ህንዶች የመብራት በዓል፣ ስለ ዲዋሊ ላስተምር ነው። ክፍሌ ውስጥ ቤተሰቦቿ ከህንድ የመጡ ልጅ አለች። አስነስቼ ስለ በዓሉ ብጠይቃት ምን ይመስልዎታል?»

ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ግን መልሱን ሦስት ቀን አሳደርኩት። ጥያቄዋ የቆየ ቁስል ነካብኝ። ስለዚህ ለእሷ ብቻ ከምመልስ፣ ትንንሽ ልጆችን ለምታስተምሩ ሁሉ ልጻፈው አልኩ።

ነገሩ የሆነው ከ26 ዓመት በፊት ነው። አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። በዚያ ዓመት የዓለምን በዓላት በየወሩ አንድ አንድ እያደረግን እንድናስተምር ተወሰነ። ደስ አለኝ። ዝግጅት እወዳለሁ። ለዲዋሊ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ጠዋት ማንም ሳይገባ ጥቁር ሰሌዳውን በቀለም ጠመኔ ሞላሁት። ከላይ ርችት፣ ከታች በመደዳ ትንንሽ የሸክላ ኩራዞች። ዲያ ይሏቸዋል። ለልጆቹም ጭቃ አዘጋጀሁ፤ እያንዳንዱ የራሱን ኩራዝ እንዲሠራ።

ታሪኩን በደንብ ነው የነገርኳቸው። ልዑል ራማ 14 ዓመት በስደት ቆየ፤ ራቫና የሚባለውን የአጋንንት ንጉሥ ድል አደረገ፤ ወደ አዮድያ ሲመለስ ሕዝቡ መንገዱን በመብራት አደመቀለት። ልጆቹ ጭቃውን በአውራ ጣታቸው እየጫኑ ጸጥ ብለው አዳመጡኝ። ከመስኮቱ አጠገብ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ኩራዟ ከሁሉም ያማረ ነበር። አፉን ቆንጠጥ አድርጋ ለክሩ ማረፊያ ሠርታለታለች። ቤቷ ያየችው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ በኛ ቤት ግን መብራቱ ለማሃቪራ ነው።»

ወረቀቴን አየሁ። እንደዚያ የሚል ስም የለም። «አይ፣ ለራማ ነው። ተሳስተሽ ይሆናል፤ ቤት ጠይቂና ነይ» አልኳት። በቁጣ አይደለም፣ ፈገግ ብዬ ነው። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። እሷ እጇን አወረደች። ወደ ኩራዟ አየችና በመዳፏ ጫነችው። ከዚያ አድበልብላ ኳስ አደረገችው። አየኋት፤ ግን ክፍለ ጊዜው እያለቀብኝ ነበርና ወደሚቀጥለው ነገር አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ ስለ በዓላት ስናወራ እጇን አውጥታ አታውቅም። ሂሳብ ላይ ታወጣለች። እዚህ ላይ የለም። ዓመቱ ሲያልቅ ቤተሰቡ ወደ ሌላ አገር ሄደ።

እውነቱን ያገኘሁት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሌላ ነገር ሳነብ ነው። ከህንድ ሃይማኖቶች አንዱ የሆነው የጃይን እምነት ተከታዮች ዲዋሊን የሚያከብሩት ሃያ አራተኛው መምህራቸው ማሃቪራ ከሥጋ ተለይቶ ለዘላለም ነጻ የወጣበት ቀን ነው ብለው ነው። ይህም ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው። የእውቀት ብርሃን ከመካከላችን ሲሄድ በኩራዝ እንተካው ብለው መብራት ያበራሉ። ብዙዎቹም ርችት አይተኩሱም፤ ትንሽ ነፍሳት እንኳ እንዳትጎዳ። እኔ ደግሞ ሰሌዳዬን በርችት ሞልቼው ነበር።

ልጅቷ ትክክል ነበረች። እኔም አልተሳሳትኩም፤ ብዙ ሂንዱዎች የራማን ታሪክ ነው የሚናገሩት። በህንድ ምሥራቅ ወዳለው ቤንጋል ብትሄዱ በዚያው ሌሊት ካሊ የምትባለው የሂንዱ አምላክ አምልኮ ነው። የሲክ እምነት ተከታዮች ደግሞ መምህራቸው ጉሩ ሃርጎቢንድ ከጓልየር ምሽግ እስር የወጣበትን ቀን ነው የሚያከብሩት። የእነሱን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ጉሩው ብቻዬን አልወጣም አለ። ልብሱን ይዞ መውጣት የቻለ እስረኛ አብሮት ይውጣ ሲባል 52 ዘርፍ ያለው ካባ አሰፋ፤ 52ቱም የታሰሩ መሳፍንት አንዳንድ ዘርፍ ይዘው ወጡ። ይሄን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ንገሩትና ፊቱን እዩት።

እንግዲህ አንድ ሌሊት፣ አንድ ዓይነት መብራት፣ ምክንያቱ ግን እንደየቤቱ። እኔ ወረቀቴ ላይ አንዱን ብቻ ይዤ ገባሁ። «ዲዋሊ ማለት» ብዬ ጀመርኩ። ያ «ማለት» ነው ጉዱ። «ለአንዳንዶች» ብዬ ብጀምር ኖሮ ልጅቷ ገብታ የምትቀመጥበት ቦታ ይኖራት ነበር።

ልጆች ባህል ይከባበሩ የሚለውን ምክር አልሰጣችሁም። ታውቁታላችሁ። ስለ እናንተ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያሁን ወጣት መምህራን ማስጌጥ ላይ ጎበዞች ናችሁ። ክፍሉ በወረቀት ፋኖስ ያብረቀርቃል፤ ልጆቹ የሌላ ሕዝብ ልብስ ለብሰው ፎቶ ይነሳሉ። ፎቶው ከተነሳ በኋላ ግን አንድ ልጅ ጠርቼ «ይሄ ፋኖስ ለምንድነው?» ስለው ያቅማማል። ትቸኩላላችሁ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ያኔ የእናንተ ስልክ በእጄ ቢኖር ማሃቪራ የሚለውን ስም በአንድ ደቂቃ አገኘው ነበር። እኔን ያሳሳተኝም ችኮላ ነው።

በሌላ ዓመት አንድ የኢራን ልጅ ነበረኝ። የእነሱ አዲስ ዓመት ኖውሩዝ ነው፤ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ፣ መጋቢት 12 አካባቢ ይገባል። በዓሉ ሳይደርስ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላምጣ?» አለኝና ሳህን ላይ የበቀለ ስንዴ ይዞ መጣ። ሰብዜ ይባላል። ጠረጴዛቸው ላይ በእነሱ ፊደል በ«ሲን» የሚጀምሩ ሰባት ነገሮች ይደረደራሉ፤ ይሄ አንዱ ነው። መስኮቱ ጋ አስቀመጥነው። ልጆቹ ሳልነግራቸው ተራ ገብተው ውሃ ያጠጡታል። በስንት ጣት ከፍ እንዳለ ይለካሉ። ከዚያ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ልጁ «ዛሬ ወራጅ ውሃ ውስጥ መጣል አለበት» ሲል ክፍሉ ተንጫጫ። አንዷ አለቀሰች። ለምን ይጣላል? ስንዴው የሰበሰበው መጥፎ ነገር አብሮት እንዲሄድ ነው ብሎ ልጁ ራሱ አስረዳቸው። ያንን ትምህርት የረሳ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

አንድን ልጅ የአገሩ አምባሳደር አድርጋችሁ አታስነሱት ብዬ ሁልጊዜ እመክራለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ አንድ ቢሊዮን ሰው መልስ እንዲሰጥ አይጠየቅም። ታዲያ የሰብዜው ልጅ ብቻውን ቆሞ አስተምሮን የለ? አዎ። ግን እሱ ራሱ ነው ላምጣ ያለው፤ የመጣውም ከቤቱ ሳህን ይዞ ነው። ይሄን ድንበር ደንብ አድርጌ ልጽፈው ብሞክር አልችልም። ልጁን አይታችሁ ነው የምታውቁት።

የቀን መቁጠሪያውንም አትዝለሉት። ኢድ ለምን በየዓመቱ ቀኑን ይቀያይራል ብለው ይጠይቋችኋል። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ ነው፤ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳል። ስለዚህ ረመዳን ወደ ኋላ እየሸሸ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። «አያትህ ልጅ ሆነው ረመዳንን በየትኛው ወቅት ጾሙ?» ብላችሁ ወደ ቤት ላኩት። ከሂሳብ ጋር ተረት ይዞ ይመጣል።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ የጠየቅሽኝ ልጄ። በክፍሉ ፊት አታስነሻት። ከትምህርቱ በፊት ለእናቷ ደውዪላት። በእረፍት ሰዓት ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ «በእናንተ ቤት መብራቱ ለማን ነው?» በያት። ለራማ ልትልሽ ትችላለች። «አላውቅም፣ እኛ ጣፋጭ ነው የምንበላው» ብትልም መልስ ነው። ክፍል ውስጥ ልትናገረው ከፈለገች ትናገር፤ ካልፈለገች ይቅር። ጭቃ ካዘጋጀሽም የእሷን ኩራዝ ረጋ ብለሽ እዪው።

የነገረችሽን ጻፊልኝ። ዛሬም እጠብቃለሁ።